ቀይ ክር ያለው ምላጭ

ፀጉር አስተካካይ ወሬኛ ነው ይባላል። ውሸት አይደለም። አንገቱ ላይ ፎጣ የታሰረ ሰው ተነስቶ መሄድ ስለማይችል የሠፈሩ ወሬ ሁሉ የሚራገፈው እሱ ላይ ነው። የእኛ ሰውዬ ግን ለሙያው የማይሆን አፍ ይዞ የተፈጠረ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲላጭ፣ ከ«ቀና በሉ» እና ከ«ጨርሰናል» ሌላ ሲናገር የሰማው የለም። ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው፤ ለሌላው ሁሉ ጋሽ ዝምታ ነው። እሱ ጋ የሚሄዱት ፂም ለመላጨት ሳይሆን ጆሮ ለማሳረፍ ነው እየተባለ ይቀለድበታል። ሲቀልዱበት ፈገግ ይልና ምላጩን ጠፍሩ ላይ ማመላለሱን ይቀጥላል። «ዝም አይነቅዝም» የምትለዋን አባባል ይወዳታል፤ እሷንም ቢሆን በልቡ ነው እንጂ ጮክ ብሎ አይላትም።

ሱቁ ጠባብ ናት። አንድ የብረት ወንበር፣ ለተረኞች አንድ አግዳሚ፣ ምላጭና መቀስ ሲቀቀልበት የሚውል ድስት፣ ከፊትና ከኋላ ትይዩ የተሰቀሉ ሁለት ትልልቅ መስታወቶች አሏት። በመስታወቶቹ መሀል የተቀመጠ ሰው ማጅራቱን ያያል፤ ከማጅራቱ ጀርባ ፊቱን፣ ከፊቱ ጀርባ ሌላ ማጅራት፣ እንዲያ እንዲያ እያለ እያነሰና እየጨለመ የሚሄድ የራሱን ሰልፍ ያያል። ልጆች ይስቁበታል። ትልልቆቹ ግን ብዙ አያዩትም፤ ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ሳይታሰብ ዞር የሚልባቸው እየመሰላቸው ዓይናቸውን ወደ ጉልበታቸው ይመልሳሉ።

ከፊተኛው መስታወት ሥር አሥራ ሁለት መሳቢያዎች አሉ። ቋሚ ደንበኛ የሆነ ሰው የራሱ መሳቢያ አለው፤ በውስጡ የራሱ ታጣፊ ምላጭ፣ የራሱ ብሩሽ፣ የራሱ ፎጣ። የአንዱ ምላጭ የሌላውን ቆዳ አይነካም። ይህንን ሕግ ማንም አላወጣለትም። ወጣት ሳለ ያሠራው የነበረ ሰው በአንድ ምላጭ ሠፈር ሙሉ አሳክኮ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ደንበኛ ምላጭ እጀታ በተለያየ ክር ጠምጥሞ ይለያል። ሠፈሩም ይህንን ስለሚያውቅ ሌላ ጋ አይሄድም።

መሳቢያ ሰባት የመምህሩ ነው። መምህሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ከሠፈሩ ሰው ግማሹን ማባዛት ያስተማሩት፣ ግማሹን ደግሞ ማባዛት ባለመቻሉ የገረፉት እሳቸው ናቸው። በመሳቢያዎቹ ላይ ቁጥሮቹን በነጭ ቀለም የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ያኔ ሰባትን ለራሳቸው መርጠው «ለማንም የማይካፈል ቁጥር ነው፣ እንደኔ ግትር ነው» አሉ። ክራቸው ሰማያዊ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ዝናብም ይሁን ፀሐይ፣ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያወራሉ። ለሁለቱም ያወራሉ ማለት ይቻላል። ጋሽ ዝምታ ከሰው ሁሉ የሚወዳቸው እሳቸውን ነው፤ እሱ ተናግሮት ባያውቅም ሚስቱ ታውቃለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል።

መምህሩ ሳል አላቸው። «በጠመኔ ብናኝ ያሳደግኳት ናት» ይላሉ። ሳሏ ልትመጣ ስትል ጉሮሯቸው ላይ ያለችው ማንቁርት ከፍ ትላለች፤ ጋሽ ዝምታ ያኔ ምላጩን ያነሳል፣ ሳሏ ታልፋለች፣ ምላጩ ይመለሳል። ሲያደርገው አያስብበትም። በሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ጠብታ ደም አላወጣም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቅዳሜ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ ድስቱ አይፈላም። የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ባለ መሳቢያ ስምንቱ፣ መንገድ ሊወጣ ስለነበር ማልዶ መጣ። ማጅራቱና አንገቱ ላይ ብጉንጅ ፈንድቶበታል። ጋሽ ዝምታ በጥንቃቄ ላጨው፤ ምላጩን በአልኮል ጠረገ፤ መብራት ሲመጣ ይቀቀላል ብሎ ወደ ቦታው ሊመልስ ሲል መሳቢያ ስምንት በእርጥበት አብጦ እምቢ አለ። ለጊዜው ነው ብሎ ሰባት ውስጥ አስቀመጠው። ወዲያው አግዳሚው ላይ አራት ሰው ሞላ። አንዱን ሲያስነሳ ሌላው ሲቀመጥ፣ ለጊዜው ያስቀመጠው ነገር ከአሳቡ ወጣ።

በሦስት ሰዓት መምህሩ ተቀመጡ። ስለ አንድ የድሮ ተማሪ ያወራሉ፤ ፈተና ላይ የጎረቤቱን መልስ ከነስሙ የገለበጠ ልጅ ነው። ጋሽ ዝምታ መሳቢያ ሰባትን ከፈተ፣ ከላይ ያገኘውን ምላጭ አነሳ፣ ጀመረ። ከግራ መንጋጋቸው ሥር ግማሽ እንደሄደ በጣቶቹ መሀል ያለውን እጀታ አየው። ክሩ ቀይ ነው። የሾፌሩ ነው።

ቢያቆም ለምን አቆምክ ይባላል፤ ለምን ከተባለ መናገር አለ። በዚያች ቅጽበት መምህሩም ወሬያቸውን ያዝ አደረጉ፣ ከዚያ ቀጠሉ፣ ልጁ ዜሮ አገኘ ብለው ሳቁ። ጋሽ ዝምታ የቀረውን ላጭቶ ጨረሰ። በአልኮል ደግሞ ደጋግሞ አበሰላቸው። «ዝም አይነቅዝም» አለ በሆዱ። ስንቱን ሰው ስንት ነገር ነክቶት ሳይታመም ይኖራል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከመምህሩ ግራ መንጋጋ ሥር፣ ልክ ቀይ ክሩን ካየበት ቦታ፣ ሳንቲም የምታክል ቅላት ወጥታ ጠበቀችው።

ጋሽ ዝምታ የቆዳ ሐኪም ባይሆንም ስለ ቆዳ መሀይም አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልዳበሰው አንገት የለም። ምላጭ ያስቆጣው ቆዳ ያሳክካል፤ ብጉንጅ ያማል፣ ይበስላል፣ መግል ይይዛል፣ ይፈነዳል፣ ይድናል። ቁስል ሁሉ የሚለው ነገር አለው። ይህቺ ግን ምንም አትልም። በጣቱ ሲነካት ትሞቃለች። ጠርዟ ከፍ ብሎ በጥፍር ይያዛል። ምላጭ በፂም ላይ ሲሄድ ሽርር ይላል፤ እሷ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል፣ አልፏት ሲሄድ ይመለሳል። ደም የሚያቆመውን ነጭ ድንጋይ አርጥቦ ጫን አደረገባት። ሌላ ጊዜ ያ ድንጋይ ሲነካቸው «አንተ ጨካኝ» እያሉ የሚንጫጩት መምህር አሁን ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። የነካቸው አልመሰላቸውም።

«የምላጭ ቁጣ ነው» አለ ጋሽ ዝምታ። በዓመት ውስጥ የተናገረው ረጅሙ ነገር ነው፤ እሱም ውሸት ሆነ።

መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ ቆይተው አዩት። «አንተ ካልክ ነው» አሉ።

ከዚያ የእግር እሳት ሆነበት። ቅዳሜ እስኪደርስ አያርፍም፤ ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ባይደርስ ይሻለው ነበር። ቅባት ቀባ፣ በአልኮል አሸ፣ በሞቀ ፎጣ ያዘ። ቅላቷ በየሳምንቱ ጣት ጣት እየጨመረች ወደ ጉሮሮ ወረደች። መምህሩ ሻርፕ መጠምጠም ጀመሩ፤ በፀሐይም ሳይቀር። ባለቤታቸው፣ እትዬ የሚላቸው፣ ገበያ ሲያገኙት «ወንድሜ፣ አንተ ብትነግረው ይሰማሃል፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ብሎ እኮ አስቸገረኝ» አሉት። ራሱን ነቀነቀ። ሐኪም ቤት ከሄዱ ምን ነካዎት ይባላሉ፤ ምን ነካዎት ከተባለ መልሱ እሱ ነው። ሱቁ ይዘጋል፤ እሺ፣ ይዘጋ። ግን የሚያቃጥለው እሱ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ጉሮሯቸውን ቀና አድርገው የሰጡት ሰውዬ፣ በእሱ እጅ ተበላሽተው እንደሆነ ማወቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ። የሰውን በሽታ የሚደብቅስ ምን ይባላል?

ከወር በላይ ቆይተው ክሊኒክ ሄዱ። ክሊኒኩም ኢንፌክሽን ነው አለ፤ እብጠቱም፣ ቅላቱም፣ ሙቀቱም ይመሰክራል። የሰባት ቀን እንክብል ሰጡ። የቆረጠዎት ነገር አለ ወይ ተብለው ሲጠየቁ መምህሩ «እኔን የሚላጨኝ ሰው ቆርጦ አያውቅም» ማለታቸውን እትዬ አወሩለት፤ እያደነቁለት ነበር። ጋሽ ዝምታ ያን ዕለት ምሳ አልበላም።

እንክብሉ አለቀ። ጠንከር ያለ ታዘዘ፣ መርፌም ተጨመረበት፣ እሱም አለቀ። ነርሷ ቅላቱ መስፋፋት አለመስፋፋቱን ለማየት በሰማያዊ እስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመረችው። በቀጣዩ ቅዳሜ መምህሩ ሻርፑን ሲፈቱ መስመሩ በቅላቱ መሀል ቀርቷል። ከአጥር ውስጥ ያለውን ለመያዝ የታጠረ አጥር፣ ያለው ነገር ወጥቶ እሱን ከብቦታል። ጋሽ ዝምታ ምላጩን ይዞ የቱ ጋ መጀመር እንዳለበት ጠፋው። በሁለቱ መስታወቶች መሀል ያ ቀይ ነገር አሥር ሆኖ፣ ሃያ ሆኖ፣ በጨለማው ጥግ ድረስ ተሰልፏል። አንዱን ካንዱ እያስተያየ ቆጠረ፤ በኋለኞቹ ላይ የበለጠ ሰፍቶ ታየው። ዓይኑን አሸት አድርጎ ድጋሚ ሲያይ ልክ ነበሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሾፌሩ ከመንገድ ተመልሶ መጣ። ጋሽ ዝምታ ሳያስቀምጠው በፊት ኮሌታውን ገልጦ አየው። ማጅራቱ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው፤ ጠባሳ እንኳ የለም።

«መቼ ዳንክ?» አለው።

ሾፌሩ ጋሽ ዝምታ ሲጠይቅ ሰምቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ ደነገጠ። «እንዴ፣ ያኔውኑ። በአራት በአምስት ቀን ፈንድቶ ደረቀ። ምነው ጋሼ?»

ወንበሩን አመለከተው። ላጨው። ሲላጨው ግን ቀናቱን ቆጠረ። ምንጩ ከዳነ ሁለት ወር ሆኖታል። ታዲያ መምህሩ አንገት ላይ እያደገ ያለው የማን ነው?

መልሱ የመጣው በበነጋው ቅዳሜ ነው። ቀኑ ይሞቃል፤ መምህሩ ሁለት ቁልፍ ፈተው ተቀመጡ። ጋሽ ዝምታ ፎጣ ሊያስገባላቸው ሸሚዛቸውን ገለጥ ሲያደርግ፣ ከደረታቸው በስተግራ መዳፍ የሚያክል ሌላ ቅላት አየ። ያው ቀለም፣ ያው ከፍ ያለ ጠርዝ። ዙሪያዋን ከቆዳ ሥር ሽምብራ የሚያካክሉ ጠጣር ነገሮች ከበዋታል። በጣቱ ነካ አደረገ። ትሞቃለች። ከአንገታቸው ቅላት ጋር አትገናኝም፤ በመሀላቸው አንድ ስንዝር ደህና ቆዳ አለ። ለብቻዋ ነው የወጣችው።

ደረታቸውን ምላጭ ነክቶት አያውቅም።

ደስ አለው። ይህንን መደበቅ አይቻልም፤ ደስ አለው። «እኔ አይደለሁም» አለ በሆዱ፤ ሁለት ወር ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ተነሳለት። እስከዚያች ሰዓት ይጸልይ የነበረው መምህሩ እንዲድኑ ሳይሆን ጥፋቱ የእሱ እንዳይሆን እንደነበር የገባው ያኔ ነው። ወዲያው ደግሞ ሌላው አሳብ መጣበት፤ ከውጭ ካልገባ፣ ከውስጥ እየወጣ ነው ማለት ነው። ሽምብራ የሚያካክሉት ነገሮች ከጣቱ ሥር አልተንቀሳቀሱም። በራሱ አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ፎጣውን መልሶ አጠፈው። «መምህር፣ ይነሱ። ትልቁ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«ፂሜስ?»

«ይቆያል።»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ በቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ሲዘጋ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። አግዳሚው ላይ የነበሩት ተረኞች ጋሽ ዝምታ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረ እያሉ ሲያወሩ ሰነበቱ።

የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የመምህሩን የመጨረሻ ልጅ ታክላለች። ወንበሯን አስጠግታ በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ ቆየች።

«ትኩሳት ነበረዎት አባባ?»

«አልነበረኝም።»

«ያምዎታል?»

«እንዲያውም ካልነካሁት መኖሩን እረሳዋለሁ።»

«እንክብሉን በትክክል ወስደዋል?»

«ሚስቴ በደወል ነው የምታውጠኝ» አሉ። እትዬ አጠገባቸው ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

ጋሽ ዝምታ በሩ ጋ ቆሟል። ከዚያ በላይ አልቻለም። «ዶክተር፣ እኔ የምናገረው አለኝ» አለና የመብራቱን መጥፋት፣ ያበጠውን መሳቢያ፣ ቀይ ክሩን፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ካለመለማመድ ቃላቱ እርስ በእርስ ይጋጩበታል። እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። መምህሩ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዶክተሯ አዳመጠችው። «ይህ የምላጭ ሥራ አይደለም» አለች። «ኢንፌክሽን ቢሆን ኖሮ ያማቸው ነበር፣ ያተኩሳቸው ነበር፤ በዚህ ሁሉ መድኃኒትም ትንሽ ይቀንስ ነበር። መልኩ ነው ያሳሳታችሁ።» ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች። «ሳል አለዎት?»

«ትንሽ» አሉ እትዬ ቀድመው። «የጠመኔ ናት። ብርዱ ከገባ ምናልባት አንድ ሁለት ወር ጨመር አድርጋለች እንጂ፣ ድሮም አለች።»

«ሁለት ወር?»

«ቢበዛ።»

ጋሽ ዝምታ ቀኝ እጁን ሲያነሳ ራሱም አላወቀውም። አውራ ጣቱና ሁለት ጣቶቹ የሌለ ምላጭ ይዘው አየር ላይ ቆሙ። እጁን አየው። እጁ የሚያውቀውን እሱ ያን ጊዜ ሰማ።

«ሁለት ወር አይደለም» አለ። «ድሮ ከአገጫቸው እስከ ጉሮሯቸው ስሄድ ለሳላቸው አንድ ጊዜ ነበር የማነሳው። ከካቻምና ክረምት ወዲህ ሦስት ጊዜ ሆነ። ከአምና ክረምት በኋላ ሰባት ስምንት ጊዜ አነሳለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ይሆነዋል።»

ዶክተሯ መጻፏን አቁማ አየችው። «ለማንም ተናግረሃል?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለ። መልሱ ለራሱም አስጠላው።

ከቆዳቸው ቁራጭ ናሙና ወሰዱ፤ ደረታቸውን ራጅ አነሱ። በአሥረኛው ቀን ዶክተሯ አስቀምጣ ነገረቻቸው። ከሳንባ የተነሳ ካንሰር ነው። ከቆዳ ሥር ባሉ ቀጫጭን መስመሮች ተጉዞ ውጭ ወጥቷል፤ ሲወጣም ኢንፌክሽን መስሎ ስለሚወጣ ብዙ ሐኪም ያታልላል። መድኃኒት አለ፣ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ጊዜም ይጨምር ይሆናል። ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚለውን አልጨረሰችውም። እትዬ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው «ሳሉን እኮ እንደ ቤት ሰዓት ለምጄው ነበር፣ ሲቆም እንጂ ሲመታ አልሰማውም ነበር» እያሉ አለቀሱ። ጋሽ ዝምታ አጠገባቸው ቆመ። ሁለት ወር የደበቀው ነገር ምንም አልነበረም። ሊደብቀው ያላሰበው፣ አፉ ላይ እንኳ መጥቶ የማያውቀው፣ ያ ሳል ነበር ነገሩ።

ከዚያ በኋላ መምህሩ ወደ ሱቁ መምጣት አልቻሉም። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት እሱ መሳቢያ ሰባትን እንዳለ ነቅሎ፣ በፎጣ ሸፍኖ፣ በክንዱ ታቅፎ ቤታቸው ይሄዳል። በመስኮቱ በኩል ትራስ ደርበው ቀና ያደርጓቸዋል። ቅላቱ አንገታቸውን ዞሮ ወደ ሌላው ጆሮ ደርሷል፤ ቆዳው ጠንክሮ የደረቀ ጫማ ሆኗል። ጋሽ ዝምታ ደህና የቀረችውን ቦታ ብቻ እየፈለገ ይላጫል። ቦታዋ በየሳምንቱ ታንሳለች።

አንድ ቅዳሜ ሳሙናውን ሲመታ «ይቅር ይበሉኝ» አላቸው።

«ምኑን?»

«ምላጩን። ዝም ማለቴን።»

መምህሩ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ያንን ቀይ ክር እኮ አይቼዋለሁ።»

የጋሽ ዝምታ እጅ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ቀረ።

«በመስታወቱ ነዋ። ሰውን ሁለት መስታወት መሀል አስቀምጠህ ምን ልትደብቅ ኖሯል? የእኔ ክር ሰማያዊ መሆኑን ሃያ ሁለት ዓመት አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«አንተስ?» አሉና ሊስቁ ሞከሩ። ሳላቸው መጣ፤ አለፈ። «ፊትህን አየሁት። አመድ መስሏል። ብናገር ትሞታለህ አልኩ፣ ልጁም ዜሮ አገኘ ብዬ ሳቅሁ። ቅላቱ ሲወጣ የዚያ የሾፌር ብጉንጅ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሐኪም ቤት ልሂድና ምን ልበል? ወሬው በሳምንት ሠፈሩን ይሞላል፣ ሱቅህን ትዘጋለህ። ይድናል፣ ማንም ሳያውቅ ይድናል አልኩና በሻርፕ ሸፈንኩት። ሚስቴ ስትነዘንዘኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ክሊኒክ ስሄድም አልተቆረጥኩም አልኩ።»

ጋሽ ዝምታ እሳቸውን ፈርቶ ሲደብቅ፣ እሳቸው ለእሱ ብለው ደብቀዋል። በሁለቱ ዝምታ መሀል ያ ነገር ማንም ሳያስቸግረው ሲያድግ ከርሟል።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ መምህሩ። «ያቺ ልጅ የምላጭ ሥራ አይደለም ስትል እፎይ ስትል ሰማሁህ። አልፈርድብህም። እኔን ግን ያኔ ከፋኝ። የአንተ በሆነ ኖሮ እል ነበር በሆዴ። የአንተ ቢሆን እድን ነበር።»

ከመስኮቱ ውጭ የሆነ ሰው በር ዘጋ። ጋሽ ዝምታ ብሩሹን አንስቶ አገጫቸውን ቀባ፣ ባለ ሰማያዊ ክሩን ምላጭ ዘረጋ፣ ጀመረ። ሳላቸው አሥራ አንድ ጊዜ መጣ። አሥራ አንድ ጊዜ አነሳ። ሲያበቃ «ጨርሰናል» የምትለው ቃል ከአፉ እምቢ አለች፤ ፎጣውን አጥፎ ብቻ ወጣ።

መምህሩ ያለፉት በሐሙስ ነው። እትዬ ሰው ልከው አስጠሩት። «ፂሙ አድጓል፣ እንዲህ ሆኖ አይሂድ፣ ከአንተ ሌላ የሚነካው አልፈልግም» አሉት። መሳቢያውን ታቅፎ መጣ። እትዬ ወጥተው ለብቻቸው ተዉአቸው። ቅላቱ ቀለሙ ጠፍቶ ግራጫ ሆኗል፤ ጣቱን ሲያሳርፍበት ለመጀመሪያ ጊዜ አልሞቀም። ከአገጫቸው ጀመረ። ሁለት ጣት ያህል እንደወረደ እጁ ተነሳች። አየር ላይ ቆማ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። መለሳት። ትንሽ እንደሄደ ደግሞ ተነሳች። ከጉሮሯቸው እስኪደርስ ሰባት ጊዜ ተነሳች፣ ሰባት ጊዜ ጠበቀች። ያንን ሁሉ ጊዜ እንባው ይወርድ ነበር።

አሁንም ሱቁ አለ። ድስቱ ይፈላል፣ መስታወቶቹ ይተያያሉ፣ መሳቢያ ሰባት ለማንም አልተሰጠም። የተለወጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ የጋሽ ዝምታ እጅ በራሷ ትነሳለች፤ ደንበኛው በመስታወቱ ውስጥ ከፍ ብሎ የቆመውን ምላጭ ያያል፣ ከኋላውም ሃያ ምላጭ። ሁለተኛ፣ ጋሽ ዝምታ ወሬኛ ሆኗል። ባለፈው ቅዳሜ ተራው የሾፌሩ ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» አለው፣ ምላጩ አየር ላይ ሲቆይበት።

«ምንም። ሳል አለህ?»

«የለኝም።»

«ደረትህስ? ቆዳህ ላይ የወጣ፣ የማያም፣ የማይድን ነገር የለም?»

«የለም አልኩህ እኮ።»

«ካለ ንገረኝ» አለ ጋሽ ዝምታ። ምላጩን አልመለሰም። «የኔ ጥፋት ቢመስልህም ንገረኝ።»